ለሳቅ የተሰጠ ክፍለ ጊዜ

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። ጋሼ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ሜሪላንድ ልጃቸው ቤት ለጥቂት ወራት መጥተዋል። መምህርት እዚያው ሜሪላንድ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ወሬው የተነሣው የጋሼ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዛ በመጣችው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ጋሼ፦ ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የምጠይቅሽ አለ። ይቺ የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ተንጋላ መጽሐፍ ይዛ ብቻዋን ትስቃለች። ምን ቢሆን ነው ብዬ ተቀብያት ገለጥኩት። ሽፋኑ ላይ «ደደብ» የሚል ቃል አለ። ውስጡ ደግሞ ሰዋስዉ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው፤ የኔን ያህል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው እንኳ ስሕተቱን ያያል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነበበው ይህ ነው?

መምህርት፦ ይኸው ነው ጋሼ። እንዲያውም እኔ ራሴ ለክፍሌ ጮክ ብዬ የማነበው እሱን ነው። ተከታታዩ «ጁኒ ቢ. ጆንስ» ይባላል። ጸሐፊዋ ባርባራ ፓርክ ናት፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ፣ እሷ በ2013 አረፈች። ሥዕሎቹን የሣለችው ዴኒዝ ብረንከስ ናት። ታሪኩን የምትነግረን ስድስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ናት። ስለዚህ የሚያዩት እንግሊዝኛ የባርባራ ፓርክ አይደለም፤ የዚያች ልጅ ነው።

ጋሼ፦ የልጅ አፍ ነው ብለን እንለፈው? ቆይ ወደሱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ንገሪኝ፤ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቀው?

መምህርት፦ የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ አውቶቡስ ነው። ጁኒ ቢ. ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ይሸታል፣ ይጮሃል፣ ትጠላዋለች። ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ደግሞ ወደ ቤት ስትመለሱ ክፉ ልጆች ጭንቅላታችሁ ላይ የቸኮሌት ወተት ያፈሱባችኋል ይላል። ታምነዋለች። ስለዚህ ሁሉም ሲወጣ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ትደበቃለች። ሕንፃው ባዶ ሲሆን ወጥታ እንደ ንግሥት ትዘዋወራለች፤ ቤተ መጻሕፍቱን ታያለች፣ የነርሷን ክፍል ትጎበኛለች። ከዚያ ሽንቷ ይመጣል። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል።

ጋሼ፦ (እየሳቁ) እሺ?

መምህርት፦ ለአስቸኳይ ነገር 911 ይደወላል ተብላ ሰምታለች። ከዚህ የበለጠ ምን አስቸኳይ ነገር አለ? ትደውላለች። የእሳት አደጋ መኪናው ይመጣል፣ አምቡላንሱ ይመጣል፣ ፖሊሱ ይመጣል። ቁልፍ ያለው ግን የጽዳት ሠራተኛው ነው።

ጋሼ፦ እውነቷን ነው እኮ። አስቸኳይ ነው።

መምህርት፦ እርስዎም ሳቁ። አሁን የሳቁት ለምን እንደሆነ ቢጠይቅዎ ሰው ምን ይላሉ?

ጋሼ፦ ልጅቷ ተሳስታለች፤ ግን ባላት እውቀት ስትመዘን አልተሳሳተችም።

መምህርት፦ እሱን ለማየት የልጅቷንም ሐሳብ፣ የትልቁንም ሰው ሐሳብ አንድ ላይ መያዝ ነበረብዎት። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅም ሲስቅ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ይህን በጥያቄና መልስ ላስተምረው ብል ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ «ተራኪው ምን ያውቃል? አንባቢው ምን ያውቃል?» እያልኩ ሠንጠረዥ ስሥልላቸው ማለት ነው። መጽሐፉ በአንድ ገጽ ያስይዛቸዋል።

ጋሼ፦ ለምን ግን የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ? አንባቢዎቹ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። በኛ ጊዜ ልጅ ከሱ ከፍ ስላለ ሰው እንዲያነብ ነበር የሚፈለገው፤ ጀግና፣ ንጉሥ፣ ጻድቅ።

መምህርት፦ የመጽሐፉ ዋና ብልሃት እሱ ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሳቅን ሲተረጉመው ድንገት የሚመጣ የበላይነት ስሜት ነው ብሎ ነበር፤ የሌላውን ወይም የራሳችንን የትናንት ጉድለት ስናይ የሚመጣ። ለትልቅ ሰው ትንሽ የሚጎመዝዝ ሐሳብ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ልክ ነው። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ነው የሚጠየቀው፤ ማንበብ ይከብደዋል፣ ሰዓት ማየት ይከብደዋል፣ የጫማ ክሩን ማሰር ገና አሁን ነው የለመደው። ጁኒ ቢ. ስትመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ አዋቂ ይሆናል። የሚስቅባት ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ራሱ የነበረበት ቦታ ላይ ስላለች ነው።

ጋሼ፦ ይህንን ተቀብያለሁ። እኔ አራተኛ ክፍል ሳስተምር ልጆቹ የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ አንሥተው እየሳቁ ያነቡ ነበር። ሰነፎች ናቸው ብዬ እቀማቸው ነበር። አሁን ወደ ሰዋስዉ እንመለስ። «ሮጠ» ለማለት የታወቀውን «ራን» ትታ «ረንድ» ትላለች። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ብቻ የሚያገኝ ልጅ፣ ይህን አንብቦ ትክክል ቢመስለውስ?

መምህርት፦ ይህ ጥያቄ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ2000 እስከ 2009 ድረስ ከመደርደሪያ ይነሡ የሚል ቅሬታ በብዛት የቀረበባቸውን 100 መጻሕፍት ሲዘረዝር ይህ የልጆች ቀልድ ከነዚያ መካከል ነበር። ወላጆች የሚሉት ሁለት ነገር ነው፤ ቋንቋዋ ብልሹ ነው፣ ጠባይዋም ብልሹ ነው።

ጋሼ፦ ወላጆቹን እደግፋለሁ።

መምህርት፦ እሺ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የልጅ ልጅዎ አማርኛ ስትናገር ወደ እኔ ና ለማለት ምን ትላለች?

ጋሼ፦ (እየሳቁ) «ምጣ» ትለኛለች። «አባባ ምጣ!»

መምህርት፦ ከማን ሰማችው? ከእናቷ አይደለም፣ ከእርስዎም አይደለም። አማርኛ የሚናገር ትልቅ ሰው «ምጣ» አይልም። ራሷ ሠራችው፤ ከ«ውጣ» እና ከ«ቅጣ»፣ ወይም ከሌላ ከሰማችው ግስ ሕጉን አወጣች፣ «መጣ» ላይ ጫነችው። ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ጥናት ልጆች በዓለም ላይ የሌለ ቃል ፈጥራ ብትሰጣቸው እንኳ ብዙ ቁጥሩን በትክክል እንደሚያወጡ አሳየች። ልጅ ሕግ ይይዛል እንጂ ቃል በቃል አይቀዳም። «ረንድ» የሚለው ስሕተት ሕጉ እንደገባው የሚመሰክር ነው።

ጋሼ፦ እሱ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይነግረኛል። ስሕተቱ ታትሞ፣ ሽፋን ለብሶ፣ መምህር ጮክ ብሎ ሲያነበው ምን እንደሚሆን አይነግረኝም።

መምህርት፦ ያነሡት ልክ ነው። የኔ መልስ ከክፍሌ የማየው ነው። «ረንድ» ስል የሚስቀው ልጅ ትክክለኛውን የሚያውቀው ነው። ካላወቀው ምኑ ያስቀዋል? ኮርኔይ ቹኮቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የልጆች ገጣሚ ነበር፤ ስለ ትንንሽ ልጆች አነጋገር «ከሁለት እስከ አምስት» የሚል መጽሐፍ ጽፏል። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጁ አንድ ቀን መጥታ ውሻ «ሚያው» ይላል ብላ ነገረችውና ሳቀች። ቹኮቭስኪ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት ነገር፣ ልጅ ዓለምን የሚገለብጠው ትክክለኛው አቀማመጥ በደንብ ሲያዝለት ነው የሚል ነው። ውሻ ምን እንደሚል እርግጠኛ ያልሆነ ልጅ አይቀልድበትም።

ጋሼ፦ እርግጠኛ ያልሆነውስ? ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅስ?

መምህርት፦ ለእሱ አልሰጠውም። ገና እንደመጣ፣ ቋንቋው ጆሮው ውስጥ ሳይገባ ይህን መጽሐፍ ብቻውን እንዲያነብ አላደርግም። እኔ ሳነብ ግን አብሮ ይቀመጣል፤ ሥዕሉን ያያል፣ የኔን ፊት ያያል።

ጋሼ፦ እኔ ብሆን እሱንም ለስድስት ወር አዘገየዋለሁ። በዚህ አንስማማም፤ ይለፍ።

መምህርት፦ ይለፍ። ሁለተኛውን መጽሐፍ ልንገርዎ፤ እሱ ደግሞ ለነዚህ ልጆች የተጻፈ ይመስላል። በ1993 የወጣ ነው። ጁኒ ቢ. ወንድም ይወለድላታል። አያቷ ሆስፒታል አይታው ስትመጣ፣ እንዲህ ያለ የሚያምር ትንሽ ጦጣ አይቼ አላውቅም እንደማለት ትናገራለች። ጁኒ ቢ. የሰማችው ቃሉን ነው። ወንድሜ ጦጣ ነው ብላ ትምህርት ቤት ሄዳ ታወራለች። ጓደኞቿ መጀመሪያ እኔ ልየው፣ እኔ ልየው ይላሉ። ማን ይቅደም የሚለውን በስጦታ ትሸጠዋለች፤ ጌጥ ትቀበላለች፣ ልብስ ትቀበላለች።

ጋሼ፦ ነጋዴ ናት።

መምህርት፦ ወጥቶላታል። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ትቀርባለች፤ «አነጋገር ነው እንጂ እውነተኛ ጦጣ አይደለም» ብሎ የሚያስረዳት እሱ ነው። አሁን ያስቡት፤ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ እንደዚች ልጅ በየቀኑ ነው የሚጠፋው። ቃሉን ያውቀዋል፣ የተባለው ነገር ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ገብቶት እሱ ብቻ ይቀራል። መጽሐፉ ላይ ግን የጠፋችው እንግሊዝኛ አፏን የፈታችበት ልጅ ናት። ይህ ለነዚያ ልጆች ትንሽ ነገር አይደለም።

ጋሼ፦ ጦጣው አልተዋጠልኝም። እኛ ዘንድ አራስ ጥየቃ ሄደሽ እንኳን ጦጣ ብለሽ፣ «ሲያምር» ብለሽም እንትፍ እንትፍ ሳትዪ አትወጪም። እዚህ አገር ደግሞ ጥቁርን ሰው በጦጣ መመሰል ምን እንደሆነ ከናንተ የምሰማው ነው።

መምህርት፦ እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቁርን ሰው በዝንጀሮና በጦጣ መመሰል በዚህ አገር የቆየ የዘረኝነት ስድብ ነው። መጽሐፉ ያንን አላሰበውም፤ አያቲቱ በፍቅር ነው የምትናገረው። ሆኖም ክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ ቃሉን ከመጽሐፉ ውጭ ሊሰማው ይችላል፣ የሆነ ልጅም እረፍት ሰዓት ላይ በጓደኛው ላይ ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ለሁሉም ክፍል አላነበውም። ልጆቹን ካወቅኋቸው በኋላ እወስናለሁ፤ ጥርጣሬ ካለኝ አውቶቡሱን አነባለሁ። የቀልድ መጽሐፍ መምረጥ ከሌላው መጽሐፍ ሁሉ የሚከብደው ለዚህ ነው። አሳዛኝ መጽሐፍ የሰለቸው ልጅ ዝም ይላል፤ የተሳቀበት ልጅ ግን ለብዙ ጊዜ አይረሳውም።

ጋሼ፦ እንዲህ ስትነግሪኝ ግን የመጣብኝ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የተረቱ ማሞ ቂሎ።

መምህርት፦ እኔም እሱን ነው የማስበው!

ጋሼ፦ እናቱ የሠራህበትን ዋጋ በኪስህ ነው መያዝ ትለዋለች፤ በማግሥቱ ወተት ይሰጡትና ኪሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። ኧረ በራስህ ላይ ተሸከም ስትለው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን የሚሰጠው በራስ ላይ የማይሸከሙት ነገር ይሆናል። ሁልጊዜ የትናንቱን ምክር ዛሬ ይፈጽማል። ታዛዥ ነው እኮ! ታዛዥነቱ ነው ጉድ የሚያፈላው።

መምህርት፦ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ላይ በሥዕል አሳትሞታል። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ቋንቋ አይቶ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጣ። ኋላ አገር ቤት ተመልሶ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። እኔ ጁኒ ቢ.ን ከማንበቤ በፊት አንዳንዴ ማሞ ቂሎን እነግራቸዋለሁ። የሆንዱራሱም የቬትናሙም ልጅ «እኛም ጋ አለ» ይላል።

ጋሼ፦ እኛ ግን ማሞ ቂሎን ማታ ቤት ነበር የምንሰማው። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት የገባው ተረትና ምሳሌው ነው፤ ጅብ ተንኮለኛ ነው፣ ስለዚህ ተንኮል አትሥሩ። አባባ ተስፋዬን ታስታውሻቸዋለሽ? ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጅ ተረት ተናገሩ። ምክር ነበረው፣ መቼም ያለ ምክር አይለቁም ነበር። ነገር ግን ዛሬ ያንን ትውልድ ብትጠይቂው ምክሩን አይነግርሽም፤ የጅቡን ድምፅ ነው የሚያሰማሽ፣ ፊታቸውን እንዴት እንደሚያጣምሙት ነው የሚያሳይሽ።

መምህርት፦ ስለዚህ የሳቁ ክፍል ነው የቀረው ማለት ነው።

ጋሼ፦ አትቸኩዪ! ምክሩም በሳቁ ተሸፍኖ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም አሁን አሠራሩን ንገሪኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ልጅ ሲስቅ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓት ፈረሰ። ቀጥሎ የሚመጣው ዳይሬክተሩ ነው።

መምህርት፦ ከምሳ በኋላ ከሜዳ ሲመለሱ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ሩብ ሰዓት አይሞሉም። ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቀልዱን አስቀድሜ አላብራራም፣ ከሳቁ በኋላም «ለምን ሳቃችሁ?» ብዬ ወዲያው አልጠይቅም። ሳቁ ሲበረታ ዝም አሰኛለሁ ብዬ አልጮኽም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ። መስማት የሚፈልጉት ሌሎቹን ራሳቸው ዝም ያሰኟቸዋል። ምዕራፉ ደግሞ ሁልጊዜ ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ በሩ ሲዘጋ። እዚያ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ሒሳብ አውጡ እላለሁ።

ጋሼ፦ ጨካኝ።

መምህርት፦ በማግሥቱ ትዝ የማይለው ልጅ የለም። ሌላ ጊዜ «ትናንት የት ነበርን?» ብዬ ብጠይቅ ጣሪያ ያያሉ።

ጋሼ፦ እሺ፣ ፈተናውስ? መግባቱን በምን ታውቂያለሽ?

መምህርት፦ ከሳቁ ነው የማውቀው። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገረኝም፣ በማየት ነው። ሳነብ ዓይኔን ከገጹ ላይ አነሣለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ የሚስቅ ልጅ አለ፤ ምን እንደሚመጣ ቀድሞ ገምቷል። ልክ ሲያልቅ የሚስቅ አለ። የጎረቤቱን ፊት አይቶ ዘግይቶ የሚስቅ ደግሞ አለ። ይኼኛውን እይዘዋለሁ። አልገባውም፤ ግን እንዳልገባው እንዲታወቅበት አይፈልግም። ጥያቄ ብጠይቀው «ገብቶኛል» ነው የሚለኝ። ሳቅ ግን ተጠንቅቆ የሚሰጡት መልስ አይደለም። ኋላ ለብቻው ይዤው እቀመጥና ያንኑ ገጽ አብረን እናነበዋለን። አንዳንዴ የጎደለው አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ጆሮው ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ አይሰማም፣ ማንም አላወቀለትም።

ጋሼ፦ ዘግይቶ የሚስቀውን አውቀዋለሁ። ሰባ ልጅ ሳስተምር ከነሱ ውስጥ ሃያው ዘግይተው የሚስቁ ነበሩ። እኔ ግን የሚቆጥሩልኝን ፈተና ብቻ ነበር የማየው።

መምህርት፦ ሰባ ልጅ ላይም ይሠራል እኮ ጋሼ። ለሁሉም መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አንድ መጽሐፍ ለመምህሩ ይበቃል።

ጋሼ፦ ይበቃል፣ ድምፅ ካለሽ። እኔ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ ጎኔ ሌላ መምህር ሀ ሁ ሲያስብል በጭቃ ግድግዳ በኩል እየሰማሁ አስተምሬያለሁ። ለማንኛውም ያልሽው እውነት ነው፤ አንድ መጽሐፍ ይበቃል።

መምህርት፦ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የነሱ ተራ ነው። አርብ አርብ አንድ ልጅ አንድ ገጽ መርጦ ለክፍሉ ያነባል። ግዴታ አይደለም፤ ሰው ማሳቅ የማይፈልግ ልጅ ግን አላገኘሁም። ቀልድ ደግሞ ተንተባትበው ቢያነቡት አያስቅም። የት ላይ ማቆም እንዳለበት፣ የት ላይ መፍጠን እንዳለበት ማወቅ አለበት። ስለዚህ ያንን ገጽ ቤት ወስዶ አምስቴ፣ አሥሬ ያነበዋል። ይህ ነገር በንባብ ትምህርት የታወቀ ነው። ጄ ሳሙኤልስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 አንድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ የሚያንገዳግደውን አንባቢ እንደሚያቀናው ጽፏል። በ2000 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርትም እየተመሩ ጮክ ብሎ ደጋግሞ ማንበብን ደግፏል። ችግሩ ልጅ አንድን ነገር ለምን ደጋግሞ ያነባል? «ድገመው» ካሉት ቅጣት ይመስለዋል። ሊያስቅ ሲል ግን ራሱ ይደግመዋል።

ጋሼ፦ ይህቺን ወደድኳት። የኛ ልጆች ንባብ ዳዊት ድገማ ነው የሚመስለው። ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ሁሉም በአንድ ዜማ ይታለፋል። በቀይ ስክሪብቶ አክብበሽ «እዚህ ላይ ቁም» ብትዪው አይቆምም። ሊያስቅ ከሆነ ግን ግዱን ይቆማል።

መምህርት፦ ካልቆመ ማንም አይስቅለትም። እርማቱን ክፍሉ ይሰጠዋል።

ጋሼ፦ እንዲህ ከሆነ ይህ ምንድነው? ከልጅቷ ቦርሳ ያገኘሁት ነው። በአንድ ምዕራፍ ላይ የቀረበ ጥያቄ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። «የአውቶቡሱ ቀለም ምን ነበር?» «ጁኒ ቢ. የተሰማትን ስሜት የሚገልጹ ሦስት ቃላት ጻፊ።» ልጅቷ ማታ ይህን ስትሠራ አልሳቀችም። አለቀሰች።

መምህርት፦ ወርክሺት ነው። የኔ አይደለም፤ የሷ መምህር ሌላ ናት፣ እኔም በሰው ክፍል ገብቼ አልናገርም። ግን ጋሼ፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የሚያስቅ መጽሐፍ መጣ ተብሎ ሲያበቃ ተይዞ እንደማንኛውም መጽሐፍ ይታረዳል። ቀለሙን የሚጠይቀው ሰው መጽሐፉን ያነበበ አይመስለኝም። ልጅ ከቀልድ በኋላ የሚጻፍ ነገር ከተሰጠው የራሱን ይጻፍ። እኔ «ትንሽ ሳለሁ እውነት የመሰለኝ ነገር» የሚል ርዕስ እሰጣቸዋለሁ። አንዷ ጨረቃ መኪናቸውን የምትከተለው አባቷን ስለምትወደው ይመስላት እንደነበር ጻፈች። አንዱ ደግሞ ራዲዮ ውስጥ ያሉ ሰዎች ምሳ የሚበሉት መቼ ነው ብሎ ይጨነቅ ነበር።

ጋሼ፦ እኔም ያንን ተጨንቄበታለሁ። (ይስቃሉ) ጠባይዋስ? «ደደብ» የሚለው ቃል?

መምህርት፦ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ዘልዬ አላልፈውም፣ ዘልዬ ባልፍ ደግሞ ቃሉ ሽፋኑ ላይ ነው። ክፍላችን ውስጥ ግን ለሰው አይባልም። ልጆች ይህን ልዩነት ከምናስበው በላይ ያውቁታል፤ ጁኒ ቢ. ተሳደበች ብለው የሚከሷት እነሱ ናቸው። አበሻ ወላጆች ይደውሉልኛል፤ አማርኛ ተናጋሪ መምህር እንዳለች ያውቃሉ። «ልጄን ስድብ አስተማርሽብኝ» የሚሉኝ አሉ። አልከራከራቸውም። መጽሐፉን ማታ አብራችሁ አንብቡትና ነገ ደውሉልኝ እላቸዋለሁ።

ጋሼ፦ ይደውላሉ?

መምህርት፦ የሚደውሉት ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጠየቅ ነው። ሁሉም ግን አይደሉም። አንዲት እናት አሁንም አልወደደችውም፤ ለልጇ ሌላ መጽሐፍ ሰጥቻለሁ። መብቷ ነው።

ጋሼ፦ አሁን እኔ አንድ ነገር ልበል። ልጄ ይቺን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትምህርት ቤት ይወስዳታል። ፊደሉን ለይታለች፤ እስከ ፐ ድረስ ትለዋለች። ከዚያስ? ባለፈው ሳምንት አብሬያት ሄጄ መደርደሪያውን አየሁ። አንደኛው ዓይነት ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው፤ ሥዕልና አንድ መስመር። ሌላው የኔ መጽሐፍ ነው፤ ድርሰት፣ ታሪክ፣ ጸሎት። በመካከሉ ምንም የለም። ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ፣ ሰባ ገጽ የሚያህል፣ በአጫጭር ምዕራፍ የተከፈለ፣ አንድ ልጅ በልጅ አፏ የምትነግራት፣ የሚያስቅ መጽሐፍ በአማርኛ አላገኘሁላትም። የእንግሊዝኛውን ሶፋ ላይ ተንጋላ ታነበዋለች፤ የአማርኛውን ጠረጴዛ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ልክ መድኃኒት እንደምትውጥ።

መምህርት፦ እኔም ለሰዎች የምለው እሱን ነው። ጸሐፊ አጥተን አይደለም። በሬዲዮ የሚያስቁን፣ መድረክ ላይ የሚያስቁን ሰዎች አሉ። የአለቃ ገብረ ሀና ቀልድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ማን ይጽፋል? ሲጽፉም መጨረሻው ላይ ልጆች ሆይ ብለው ይመክራሉ።

ጋሼ፦ እኔም ብጽፍ እመክራለሁ። እጄ ለምዷል።

መምህርት፦ እንግዲያው ይጻፉና የመጨረሻውን ገጽ ለኔ ይስጡኝ፤ እኔ እቆርጠዋለሁ።

ጋሼ፦ የኔ ዕድሜ አልፏል፤ ሌላው ይጻፈው። የሚጽፍ ሰው ይህን ካነበበ ግን እንዲህ በይልኝ፤ ጀግናዋ ከአንባቢዋ በሁለት ዓመት ትነስ፤ አዲስ አበባም ትሁን፣ ደሴ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትክክል የመሰላትን ነገር እስከ መጨረሻው ትሥራው፤ «ምጣ» ብትልም አያርሟት። ምዕራፉ አጭር ይሁን። አሳታሚው ደግሞ ፊደሉን ተለቅ አድርጎ፣ ለመምህር በሚቻል ዋጋ ያውጣው። አንድ ቅጂ ለአንድ ክፍል ይበቃል።